ማን ለማን ነው የሚናገረው? ኢንዶኔዥኛን ለትንንሽ ልጆች ስለማስተማር

በአውስትራሊያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢንዶኔዥኛ የሚማር ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚይዛቸው ጥያቄዎች አንዱ «ሲያፓ ናማ ካሙ?» ነው፤ ስምህ ማን ነው? አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ ሲጠይቅበት ያምርበታል። ክፍሉን ልትጎበኝ የመጣች ኢንዶኔዥያዊት እናትን ሲጠይቅበት ግን ሰዋስው ሳይጎድል ነገሩ ይበላሻል። ልጅ ስለሆነ ፈገግ ብላ ታልፈዋለች። ያላት ነገር ግን በእኛ ቢሆን ለእናቱ እኩያ ሴት «አንቺ፣ ስምሽ ማነው?» እንደማለት ነው። በ«ካሙ» (አንተ፣ አንቺ) ፈንታ «ሲያፓ ናማ ኢቡ?» ማለት ነበረበት፤ «ኢቡ» እናት ማለት ነው፣ እዚህ ደግሞ የአክብሮት «እርስዎ» ሆኖ ይገባል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህን ማብራራት አያስፈልግም። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ ጋሼ፣ እትዬ እያለ ያደገ ሰው አፉን ሳይከፍት የሚያነጋግረውን ይመዝናል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር የ6 ዓመት ልጅ ግን ለውሻውም ለርዕሰ መምህሩም አንድ ቃል ነው ያለው። ለዚህ ልጅ የኢንዶኔዥያ ባህል የሚጀምረው «ካሙ» እና «ኢቡ» ላይ ነው፤ ጭፈራው፣ ጨርቁና ምግቡ ከዚያ በኋላ ቢመጡ ይሻላል ባይ ነኝ።

ስለ ቦታው ትንሽ ልበል። ኢንዶኔዥያ የአውስትራሊያ ጎረቤት ናት፤ ቋንቋዋም እዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተጀመረ አገር አቀፍ ፕሮግራም ከእስያ ቋንቋዎች ቻይንኛን፣ ጃፓንኛን፣ ኮሪያኛንና ኢንዶኔዥኛን መርጦ ገንዘብ መድቦላቸው ነበር፤ ድጋፉ በ2002 ቆመ። የሚሰጠውን ቋንቋ የሚመርጠው ትምህርት ቤቱ ስለሆነ፣ ሜልቦርን ውስጥ ቤቱ አማርኛ እየሰማ የሚያድግ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ኢንዶኔዥኛ ሊገጥመው ይችላል። ወላጅ «ይሄ ደግሞ ምን ያደርግለታል?» ቢል አይፈረድበትም። ግን ያ ልጅ ከእንግሊዝኛ ብቻ ተናጋሪው ጓደኛው ቀድሞ የሚጀምርባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ፤ በየመንገዱ አነሳቸዋለሁ።

ሰዓቱ አጭር ነው። የአውስትራሊያ ሥርዓተ ትምህርት ሲነደፍ ከመጀመሪያው የትምህርት ዓመት እስከ 6ኛ ክፍል ለአንድ ቋንቋ የታሰበው በድምሩ 350 ሰዓት ገደማ ነው። ለ7 ዓመት ሲካፈል በዓመት 50 ሰዓት፣ በ40 የትምህርት ሳምንት ደግሞ በሳምንት 75 ደቂቃ ይመጣል። ይህን 75 ደቂቃ አንድ ቀን ላይ መጫን ከሁሉ የከፋው አሰጣጥ ነው፤ ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ ግማሹ ጠፍቷል። ሦስት ጊዜ 25 ደቂቃ ይሻላል። ያ ካልሆነ የክፍሉ መደበኛ አስተማሪ በየቀኑ ስም ሲጠራና ልጆቹን ሲያሰልፍ ሁለት ሁለት ደቂቃ በኢንዶኔዥኛ እንዲናገር ማስለመድ ነው።

አሁን ወደ አጠራር ልመለስ። ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉት አራት ሰው ይበቃል፦ «አዲክ» (ታናሽ)፣ «ካካክ» (ታላቅ)፣ «ፓክ» («ባፓክ» ሲያጥር፤ ለአባት እኩያ) እና «ቡ» («ኢቡ» ሲያጥር፤ ለእናት እኩያ)። የመጀመሪያው ሳምንት ሰላምታ ብቻ ነው። አስተማሪዋ መነጽር አድርጋ «ፓክ»፣ ሻርፕ ጣል አድርጋ «ቡ»፣ ቦርሳ አንግታ «ካካክ» ሆና በበሩ ትገባለች፤ ልጆቹ «ስላማት ፓጊ፣ ፓክ» (እንደምን አደሩ) እያሉ እንደ ሰዉ ይቀያይራሉ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስም መጠየቅ ይጨመራል፣ አሁንም ለትልልቆቹ ብቻ። «ካሙ» ለጓደኛ ሆኖ የሚገባው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ቅደም ተከተሉ የሚገለበጠው በምክንያት ነው፤ ልጅ ሲደነግጥ አፉ ላይ የሚመጣው መጀመሪያ የለመደው ስለሆነ፣ የለመደው «ቡ» ከሆነ ስህተቱ ጨዋ ስህተት ይሆናል። ጓደኛውን «ቡ» ቢለው ክፍሉ ይስቃል እንጂ ማንም አይቀየምም።

እዚህ ላይ በብዛት የሚበላሸው ካርዱ ነው። «ካካክ» የሚለው ሥዕል ላይ ሴት ልጅ ብቻ ካለች ልጆቹ «ካካክ» እህት ነው ብለው ይይዙታል። ቃሉ ጾታ የለውም፤ እህትም ሆነ ወንድም መብለጡን ብቻ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሁለት ካርድ ያስፈልጋል፣ ወንድና ሴት። «ዲያ» የሚለው ተውላጠ ስምም እሱም እሷም ነው። እዚህ ላይ የሚቸገረው የእኛ ልጅ ነው፤ አማርኛ ግሱ ውስጥ ሳይቀር ጾታ ስለሚከት «ወንድ ነው ሴት?» እያለ ይወተውታል። መልሱ «አልተነገረንም» ነው፤ ታሪኩ ሲቀጥል እንደሚታወቅ ማስለመድ ነው። በሌላ በኩል «ፓክ» እና «ቡ» ከራስ ስም ጋር ነው የሚሄዱት፤ ቡዲ የሚባለው ሰው «ፓክ ቡዲ» ነው፣ አቶ ከበደ እንደምንለው። የቤተሰብ ስም የሌለው ሰውም ሞልቷል፤ አገሪቱን ከ30 ዓመት በላይ የመሩት ሱሃርቶ አንድ ስም ብቻ ነበራቸው። የአውስትራሊያ ቅጽ ላይ የአያት ስም አምጡ ተብሎ የተቸገረ ሐበሻ ይህን ወዲያው ይረዳዋል።

የትልቅ ሰው ቀኝ እጅ ይዞ ግንባር ወይም አፍንጫ ላይ የማስነካት ልማድ አለ፤ «ሳሊም» ይሉታል። ጉልበት መሳምን ያየ ልጅ ነገሩን በዓይኑ ነው የሚይዘው። ክፍል ውስጥ ግን በየቀኑ የግዴታ ልምምድ አላደርገውም፤ መነካት የማይወድ ልጅ አለ፣ የሚከለክል ወላጅም አለ። በአሻንጉሊት ማሳየት ይበቃል፣ የፈለገ ይሞክር። በቀኝ እጅ መስጠትና መቀበልም እንደዚሁ ነው። ግራኝ ልጅ ካለ መስጠትን ከመጻፍ መለየት ያስፈልጋል፤ አለዚያ እርሳሱን በግራ መያዙ ጥፋት ይመስለዋል። ዕቃ እየተቀባበሉ «ትሪማ ካሲህ» (አመሰግናለሁ) እና «ሳማ ሳማ» (ምንም አይደል) መባባል ሁለቱንም በአንድ ጨዋታ ያስጨርሳል።

የሰላምታው ሰዓት ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። «ፓጊ» ጠዋት ነው፤ «ሲያንግ» በፈረንጅ ሰዓት (ቀጥሎ ያሉት ሰዓቶችም እንዲሁ ናቸው) ከ10 ወይም ከ11 እስከ 3፤ «ሶሬ» ከዚያ ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ፤ ከጨለመ በኋላ «ማላም»። እንግሊዝኛው ቀኑን 12 ላይ ነው የሚቆርጠው፣ ስለዚህ ትርጉም ለጥፎ ማስያዝ አይሠራም። ሌላም ችግር አለ። ጃካርታ ከምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ6 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ሜልቦርን ግን በዲሴምበር እስከ 8 ሰዓት ተኩል አልፎ ብርሃን ነው፤ በጁን 5 ሰዓት ሲያልፍ ይጨልማል። በበጋ ከምሽቱ 8 ላይ ኳስ የምትጫወት ልጅ «ማላም» በይ ስትባል «ገና ፀሐይ አለ!» ብላ ብትከራከር ልክ ናት። ሰዓት ከማስቆጠር የፀሐይን ቦታ በወረቀት ላይ ማሣል ይሻላል፤ ግማሽ ክብ ቅስት ተሥሎ በላዩ የምትንቀሳቀስ ቢጫ ክብ ትለጠፋለች፣ በየትምህርቱ መጀመሪያ አንድ ልጅ ወጥቶ ያንቀሳቅሳታል፣ ክፍሉ ሰላምታውን ይመርጣል። አንድ ደቂቃ ነው የሚወስደው። ችግሩ የትምህርት ቤቱ ሰዓት «ፓጊ»ንና «ሲያንግ»ን ብቻ ነው የሚያገኘው፤ «ሶሬ» እና «ማላም» በጨዋታ ካልገቡ ይረሳሉ።

«ብሉም» ላይ ቆም ማለት ይገባል። «ሱዳህ ማካን?» በልተሃል? እንግሊዝኛ ተናጋሪው ልጅ ካልበላ «ቲዳክ» ይላል፣ አልበላሁም። ኢንዶኔዥያዊ ግን «ብሉም» ነው የሚለው፤ ገና ነኝ። አማርኛ ያለው ልጅ እዚህ ጋ አይቸገርም፤ «ገና» ቤቱ ውስጥ ያለ ቃል ነው። ለሌሎቹ ማስረጃ የሚሆናቸው ሥራቸው ነው። ሥዕል እየቀቡ አስተማሪዋ በየጠረጴዛው «ሱዳህ?» ትላለች፤ የጨረሰ «ሱዳህ» ብሎ ያነሳል፣ ያልጨረሰ «ብሉም» ይላል፤ «ቲዳክ» ያለውን ልጅ ሥዕሉን መቀጠል አትፈልግም ማለት ነው? ብላ ወረቀቱን ለመውሰድ እጇን ትዘረጋለች። ሁለተኛ አይሳሳትም። «ሱዳህ ማካን?» ራሱ ሰላምታ መሆኑንም በዚያው ማንሳት ይቻላል፤ ምግብ ሊቀርብለት ነው ብሎ የሚጠብቅ ልጅ አይጠፋም።

እንግሊዝኛው «ፕሊዝ» ብሎ በአንድ ቃል የሚጨርሰውን ልመና ኢንዶኔዥኛ ይከፋፍለዋል። «ሲላካን» ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ብሉ ብሎ ለመጋበዝ ነው። «ቶሎንግ» እርዳታ ለመጠየቅ፣ «ሚንታ» ስጠኝ ለማለት። የተለመደው ስህተት ልጁ ውሃ ፈልጎ «ሲላካን» ማለቱ ነው፤ እንደ ጋባዥ ሆኖ ራሱን ጋበዘ ማለት ነው። ሦስቱን በአንድ ቀን ማስተማር ያደናግራል። «ሲላካን» የአስተማሪዋ ቃል ሆኖ አንድ ሙሉ ወር ይሰማ፣ «ሚንታ» መክሰስ ሰዓት ይግባ፣ «ቶሎንግ» ቆይቶ ይድረስ።

ድምፁን በተመለከተ ፊደላችን ያልተጠበቀ ጥቅም አለው። በላቲን ሲጻፉ አንድ ዓይነት አናባቢ ፊደል የሚይዙት «ስድስት» እና «ጣፋጭ» አነባበባቸው ይለያያል፤ የመጀመሪያው እናም፣ ሁለተኛው ኤናክ ነው። ላቲኑ ልዩነቱን ይደብቃል፣ ፊደል ያሳየዋል። ቤት ውስጥ የሚረዳ ወላጅ ከቃሉ ሥር በፊደል ቢጽፍለት ልጁ በትክክል ያነበዋል። ወረቀት «ክርታስ» ነው፣ ልክ እኛ እንደምንለው፤ ጊዜ «ዋክቱ»፣ ረቡዕ «ራቡ»፣ ሐሙስ «ካሚስ»። ከዓረብኛ የገቡ ስለሆኑ ዘመድ ናቸው። ፊደል የማይረዳበት ግን ቡንጋ (አበባ) የሚለው ቃል ነው። እኛ «ን» እና «ግ» ብለን ሁለት እናደርገዋለን፤ እዚያ አንድ የአፍንጫ ድምፅ ነው። ኮንጎ ማለት ጀምሮ «ግ» ሳትወጣ ማቆም፣ ከዚያ አናባቢውን መቀጠል። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ደግሞ ችግሩ እስትንፋስ ነው፤ «ፓጊ» ሲሉ አየር ይተፋሉ። ጠባብ የወረቀት ቁራጭ ከንፈራቸው ፊት ይዘው ቃሉን ይበሉ፤ ወረቀቱ ከተነቃነቀ እንደገና። የ6 ዓመት ልጅ ይህን እስኪሰለቸው ይጫወተዋል። «ባፓክ» እና «ቲዳክ» መጨረሻ ላይ ያለችው «ክ» ጉሮሮ ላይ ታንቃ ትቀራለች፣ አትፈነዳም።

ሩዝ በማሳ ላይ «ፓዲ»፣ ተፈልፍሎ ጥሬው «ብራስ»፣ በስሎ «ናሲ» ነው። ጤፍን፣ ሊጥን፣ እንጀራን በአንድ ቃል ማን ይጠራል? ሁለት ሳህን ይዞ መምጣት ይበቃል፣ ጥሬና የበሰለ። ሥዕል አይበቃም፤ ጥሬውን በጣቱ የነካ ልጅ አይረሳውም።

ከሁሉ አብዝቼ የምመክረው ጨዋታ ቾንግክላክ ነው፤ ጃቫ ደሴት ላይ ዳኮን ይሉታል። የገበጣ ዘመድ ነው። ሙሉው ሰሌዳ በየጎኑ 7 ትንንሽ ጉድጓድ፣ ዳርና ዳር ሁለት ትልልቅ ማከማቻ አለው፤ በየጉድጓዱ 7 ፍሬ፣ በድምሩ 98። ለትንሽ ልጅ ይህ ብዙ ነው። ባለ 12 የእንቁላል ካርቶንና ሁለት ኩባያ ይበቃል፤ በየጉድጓዱ 4 ባቄላ፣ በድምሩ 48። ምስር አይሁን፣ ከጣት ያመልጣል፣ ጆሮ ውስጥም ይገባል። ተጫዋቹ ከራሱ ጎን አንዱን ጉድጓድ አፍሶ በዙሪያው አንድ አንድ ይጥላል፤ የራሱ ማከማቻ ላይ አንድ ይጥላል፣ የባላጋራውን ይዘልላል። የመጨረሻዋ ፍሬ ማከማቻው ላይ ካረፈች ይደግማል፤ ፍሬ ያለበት ጉድጓድ ላይ ካረፈች ያንን አፍሶ ይቀጥላል፤ ባዶ ላይ ካረፈች ተራው አለቀ። የራስ ጎን ባዶ ላይ ሲያርፉ የፊት ለፊቱን መብላት የሚባለው ሕግ ለሁለተኛው ሳምንት ይቆይ።

ቋንቋው የሚገባው እዚህ ነው። እያንዳንዷ ፍሬ ስትወድቅ ቁጥሯ ይጠራል፦ ሳቱ፣ ዱዋ፣ ቲጋ፣ እምፓት። ልጆች በአፋቸው ከእጃቸው ይፈጥናሉ፤ ሦስት ጥለው አምስት ይደርሳሉ። ስለዚህ ጣዩ አይቆጥርም፣ ባላጋራው ይቆጥራል። ባላጋራ ማጭበርበር ስለሚፈራ ጆሮውም ዓይኑም ይነቃል፣ ዝም ብሎ ተራ የሚጠብቅ ልጅም አይኖርም። ተራ ሲቀያየሩ «ጊሊራን ሳያ» (የኔ ተራ)፣ «ጊሊራን ካሙ» (ያንተ ተራ) ይባባላሉ፤ ሁለቱ እኩያ ስለሆኑ እዚህ «ካሙ» ቦታው ነው። ጨዋታው እስኪያልቅ ከተጠበቀ ክፍለ ጊዜው ይበላል፤ 8 ደቂቃ ላይ ቁሙ ተብሎ ማከማቻው ይቆጠራል። ማን ይጀምር የሚለውን በ«ሱተን» ይጨርሱት፤ አውራ ጣት ዝሆን (ጋጃህ)፣ ጠቋሚ ጣት ሰው (ኦራንግ)፣ ትንሿ ጣት ጉንዳን (ስሙት)። ዝሆን ሰውን፣ ሰው ጉንዳንን፣ ጉንዳን ዝሆንን ያሸንፋል። ጉንዳን ዝሆንን እንዴት እንደምታሸንፍ ሳይጠይቅ የሚያልፍ ልጅ የለም፤ ጆሮው ውስጥ ገብታ ነው የሚል መልስ ይሰጣል። ገበጣ የሚያውቅ ወላጅ ወይም አያት ካለ አንድ ቀን መጥቶ የሰፈሩን ሕግ ቢያሳይ ልጆቹ ሁለቱን ማስተያየት ይወዳሉ፤ የገበጣ ሕግ ራሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

የ«ባህል ሳምንት» ዝግጅቶችን ብዙም አልወዳቸውም። ልጁ የወረቀት ጭምብል ቀብቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ምን ተማርክ ሲባል «ኢንዶኔዥያ» ይላል፣ አለቀ። በዚያ ላይ የሚታየው ሁሉ ባሊ ነው። ባሊ አብዛኛው ሕዝቧ ሂንዱ የሆነ አንድ ደሴት ናት፤ አገሪቱ ደግሞ አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነ፣ ከ700 በላይ ቋንቋ የሚነገርባት፣ ሦስት የሰዓት ክልል የምትሸፍን። የባሊ ልጆች በልደት ቅደም ተከተል ዋያን፣ ማዴ፣ ኞማን፣ ክቱት መባላቸውን ልጆች ይወዱታል፤ ይማሩት፣ ግን ካርታው ላይ ባሊን በጣት እየነኩ። ለብዙ ኢንዶኔዥያዊ ልጅ ራሱ ይህ ብሔራዊ ቋንቋ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ቤቱ ጃቫኛ ወይም ሱንዳኛ ይናገራል። በ1928 የኢንዶኔዥያ ወጣቶች የአንድነት ቋንቋ ብለው ሲምሉለት መሠረቱን ያገኙት ከማላይኛ ነበር፤ ብዙ ተናጋሪ የነበረው ጃቫኛ አልተመረጠም። ይህ ለ6 ዓመት ልጅ አይነገርም፤ ለእኛ አንባቢ ግን የሚያነጋግር ነው።

እጅ ሥራ ካስፈለገ ባቲክ (በሰምና በቀለም የሚሠራ የጨርቅ ጥለት) ይሁን፣ በአግባቡ። ሰሙ ቀለም እንዳይገባ የሚከለክል መሆኑ ነው የሥራው ምስጢር። ለልጅ ትኩስ ሰም አይሰጥም፤ ነጭ ሻማ ወይም የሰም ቀለም (ክሬየን) ወረቀት ላይ ጠበቅ አድርጎ ይጫናል፣ ከዚያ በውሃ የቀጠነ ቀለም በላዩ ይፈሳል። ሳይታይ የሚቀረው በሁለት ምክንያት ነው፤ ሻማው ቀስ ተብሎ ከታሸ ቀለሙ ይዘልቃል፣ ቀለሙ ወፍራም ከሆነ ሰሙንም ይሸፍነዋል። ሲሠሩ ፓራንግ ስለሚባለው ሰያፍ ጥለት አንድ ነገር ይነገራቸው፤ ጃቫ ላይ ባለችው በዮግያካርታ ቤተ መንግሥት ለንጉሣውያን ብቻ ተከልሎ የነበረ ነው። ማን ምን መልበስ ይችል ነበር የሚለው ጥያቄ «ካሙ» እና «ቡ» ካስተማሩት ጋር አንድ መንገድ ይሄዳል።

ኦገስት 17 የነጻነት ቀን ነው፤ የአውስትራሊያ ትምህርት ቤቶች በዚያ ወር ክፍት ስለሆኑ ይመቻል። ክሩፑክ የሚባል የተጠበሰ ስስ መክሰስ በክር ተንጠልጥሎ እጅን ወደ ኋላ አድርጎ በአፍ የመብላት ውድድር ልጆች የሚሞቱለት ነው። ክሩ ከልጁ አፍ ትንሽ ከፍ ይበል፣ አገጩ ላይ ካረፈ ውድድር የለም። ከምንም በፊት ግን ፓኬቱ ይነበብ፤ ብዙው ክሩፑክ ሽሪምፕ አለበት፣ አለርጂ ያለበት ልጅ አደጋ ላይ ይወድቃል። ከካሳቫ የሚሠራ አለ፣ እሱ ይፈለግ።

ልጆቹ ምን ያህል እንደገባቸው ማወቅ የፈለገ አስተማሪ የቃላት ፈተና ባያወጣ ይመረጣል። ኢንዶኔዥኛ ሁለት «እኛ» አለው፤ «ኪታ» የሚሰማውንም ሰው ይጨምራል፣ «ካሚ» ያስወጣዋል። አማርኛም እንግሊዝኛም ይህ የላቸውም፣ ስለዚህ ሁሉም ልጅ እኩል ነው የሚነሳው። መሬት ላይ ሁለት ገመድ በክብ ይዘርጉ፣ ክፍሉ ለሁለት ይከፈል። አንዱ ቡድን ለሌላው «ካሚ ላፓር» (እኛ ርቦናል) ይላል። አስተማሪዋ አንዱን ገመድ ታነሳና ሁሉም በአንዱ ክብ ውስጥ ይታጨቃሉ፤ አሁን «ኪታ ላፓር» ነው። ሦስት አራት ጊዜ ከተደገመ በኋላ አንድ ልጅ ከገመዱ ውጭ ታቁምና ዝም ትበል። ከውስጥ ያሉት ወደሱ ዞረው «ካሚ» ካሉ ገብቷቸዋል፤ «ኪታ» እያሉ እጁን ስበው ካስገቡትም ገብቷቸዋል። «ኪታ» እያሉ ውጭ ከተዉት ነው ገመዱን እንደገና መዘርጋት የሚያስፈልገው።